ጥፋቱ የስታርቹ ነው ወይስ የድስቱ? «ስታርች ይብቃን» ላሉት ወንድሜ የተሰጠ ምላሽ

«ስታርች ይብቃን» የሚለውን ጽሑፍ ያነበብኩት ካውያው እስኪግል በምጠብቅበት ሰዓት ነው። አንብቤ ስጨርስ ካውያው ከሚገባው በላይ ግሎ አገኘሁትና የአንዲት ደንበኛዬን የትራስ ልብስ ለጥቂት ሳላቃጥል ቀረሁ። ስለዚህ በጸሐፊው ላይ ያለኝ ቅሬታ ሁለት ነው፤ የትራስ ልብሱን ግን እተውላቸዋለሁ።

ጸሐፊው የደሴ ልጅ ናቸው፤ አሁን ኑሯቸው አዲስ አበባ ነው። ጽሑፋቸውን የሚጀምሩት ለእህታቸው ሠርግ ወደ ደሴ በመጡበት ቀን በደረሰባቸው ነገር ነው። ቤት ውስጥ ስታርች የተደረገ፣ ማለት ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስታርች ውሃ ተነክሮ የደረቀ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ወጡ። ሙሽራዋ ገና ከቤት ሳትወጣ ኮሌታው አንገታቸውን ላጠው፣ በጥቁሩ ኮታቸው ላይ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ብናኝ ረገፈ፣ ፎቶውንም ሁሉ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ተነሡ። ያሳዝናል። ከዚያች ቀን ተነሥተው ግን ለአገር ሁሉ የሚሆን ፍርድ ሰጡ። ስታርች ልብስ ይቆርጣል፤ ከፈረንጅ የመጣ ወግ እንጂ የእኛ አይደለም፤ እንደ ደሴ ባለ ደጋ ከተማ ውሃ በወጉ ስለማይፈላ ስታርች አይበስልም፤ ጥሩ ጨርቅ በራሱ ጠንካራ ስለሆነ አያሻውም፤ ውሃና ከሰል ያባክናል፤ ለዳንቴል እንኳ ቢሆን ስኳር ይበልጠዋል፤ በመጨረሻም ተባይ ይጠራል። ሰባት ክስ መሆኑ ነው። ከሰባቱ አንዱን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ የትኛው እንደሆነ እስክንደርስበት ይታገሡኝ።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሰው ልብስ እያጠብኩና እየተኮስኩ የምኖር ሴት ነኝ። ሙያውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እሷ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የአንድ ሆቴል የገበታ ልብስና አንሶላ እየተቀበለች ታጥብ ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዞ ከእሷ ጋር መወጠር ነበር። እንግዲህ የምናገረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሳፋው ዳር ነው።

ከሸሚዙ ልጀምር፤ የክሱ ሁሉ ምንጭ እሱ ነውና። ጸሐፊው ሳያስቡት ይመስለኛል፣ በጽሑፋቸው መካከል አሠራሩን ራሳቸው ነግረውናል። ልብሱን ያሰናዱላቸው ዘመድ «አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው፣ ምድጃ ላይ ለብ አድርገው» ሸሚዙን ነክረው አሰጡት። ወንድሜ፣ ይህ ስታርች አይደለም፤ ሊጥ ነው። ሸሚዝዎን ሊጥ አስቀብተው ሠርግ ሄዱ ማለት ነው።

ዱቄትና ስታርች አንድ አይደሉም። በስንዴ ዱቄት ውስጥ ስታርች አለ፤ ከእሱ ጋር ግን ዳቦውን የሚያያይዘው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን አለ፣ የገለባ ብናኝም አይጠፋም። ካውያ ሲያርፍበት ይህ ተጨማሪ ነገር ይጠቁራል፣ ነጩን ልብስ ያደበዝዛል፣ ከካውያው ሆድ ጋርም ይጣበቃል። ለልብስ የሚሆነው ስታርቹ ብቻውን ተለይቶ የወጣው ነው፤ ከበቆሎ፣ ከድንች ወይም ከሩዝ።

ሁለተኛዋ ጥፋት «ለብ አድርገው» የምትለዋ ናት። ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ አይሟሟም። በዓይን የማትለይ ቅንጣት ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ትንሽ ሲቆይ ከሥር ይዘቅጣል። የበቆሎ ስታርች ቅንጣት ውሃ ጠጥታ አብጣ የምትፈነዳው ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ባለው ሙቀት ነው። ያን ጊዜ ወተት የመሰለው ውሃ ጥርት ያለ ሙጫ ይሆናል። ሙጫው በጨርቁ ላይ ሲደርቅ ክር ከክር እያያዘ ስስ ሽፋን ይሠራል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግን ቅንጣቷ እንዳለች ናት። ጨርቁ ላይ ደርቃ ትቀመጣለች፤ ባለቤቱ አንገቱን ባዞረ ቁጥር ትረግፋለች። የኮትዎ ፎረፎር እሷ ናት።

እናቴ ይህን በዲግሪ አታውቀውም፤ በዓይኗና በእጇ ነው የምታውቀው። በኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስታርቹን ታደርግና በጣቶቿ እያሸች ትበጠብጠዋለች፤ አንዲት ጓጓላ ብትቀር ተከትላ ትይዛታለች። በትልቁ ድስት የተጣደው ውሃ ሲንተከተክ፣ በግራ እጇ ብጥብጡን በቀጭኑ እያፈሰሰች በቀኝ እጇ ሳታቋርጥ ታማስላለች። መጀመሪያ ወተት ነው። ትንሽ ቆይቶ ማማሰያው በድንገት ይከብዳል፤ እንደ አጥሚት ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያወርደው፣ የሚሳሳተውም። እሷ አታወርድም። እሳቱን ቀነስ አድርጋ ታማስላለች፤ ነጭነቱ እየሳሳ ይሄዳል። ማማሰያውን አንሥታ ወደ መስኮቱ ትይዘዋለች። ከጫፉ የሚንጠባጠበው ጠብታ ነጭ ከሆነ ትመልሰዋለች፤ የመስኮቱን ብርሃን አሳልፎ ካሳየ «ደረሰ» ትላለች። ከዚያ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ታጠልለዋለች፤ ስትጨምቀው ከጨርቁ ውስጥ የቀረውን ጓጓላ ለእኔ ታሳየኝ ነበር፣ «ይኼ ነው የሰው አንገት የሚልጠው» እያለች።

መጠኑንም ልንገርዎ፤ ጽሑፍዎ ውስጥ «አንድ እፍኝ» እንጂ ሌላ ልክ አላየሁም። ለአንሶላና ለትራስ ልብስ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ስታርች ይበቃል። ለገበታ ልብስና ለሸሚዝ ኮሌታ ከ2 እስከ 3 ማንኪያ። ከዚያ በላይ የሚወጣው ለዳንቴል ብቻ ነው፤ እሱም እስከ 5 ወይም 6 ማንኪያ ቢሆን አይከፋም፤ ዳንቴል የሚልጠው አንገት የለምና። ኮሌታ አንገት የሚልጠው ስታርቹ ሲወፍርና ልብሱ ድርቅ ብሎ ከደረቀ በኋላ ሲተኮስ ነው። ልብሱ ከገመድ ሲወርድ ውሃ በእጅ ተረጭቶበት፣ ተጠቅልሎ፣ ርጥበቱ እኩል እስኪሰርጽ አንድ ሁለት ሰዓት መቀመጥ አለበት። እናቴ ማታ ጠቅልላ ጠዋት ነበር የምትተኩሰው። ርጥብ ሆኖ የተተኮሰ ኮሌታ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጠርዙ ግን አይቆርጥም።

ወደ ደጋው ክስ ልለፍ፤ ይህ በጣም ያስገረመኝ ነው። ጸሐፊው «ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ ባቄላ እንኳ የሚበስለው በስንት ጣር ነው፤ ስታርችማ እንዴት ይበስላል?» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ የተሳሳቱትም በዚያች ግማሽ እውነት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የደሴ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላው የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ስታርቹ ግን የሚፈልገው 72 ነው። ከ72 እስከ 92 ሃያ ዲግሪ ትርፍ አለን! ደሴ ላይ ቀርቶ ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ ድስት ብንጥድም ስታርች ይበስላል። ወደ እኔ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ደግሞ ውሃው ከዚያም በላይ ግሎ ነው የሚፈላው። እኔ ይልቅ በኮምቦልቻ ሙቀት የምቸገርበት ሌላ ነገር አለ፤ የተረፈ ስታርች ይኮመጥጣል። ደሴ እናቴ ዘንድ ማታ የተሠራ ጠዋት ይደርስ ነበር፤ እዚህ ግን የዕለቱን ለዕለቱ ነው።

«የፈረንጅ ወግ ነው» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም ብዬ ነበር፤ ግን ጸሐፊው «ንጉሥ ሚካኤል በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር ሲያበሉ ስታርች የተደረገ የገበታ ልብስ ነበር ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም እሳቸውም በግብሩ ላይ አልነበርንም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ቦታውን ስቷል። ስታርች ከገበታ ልብስ በፊት የሸማኔ ነገር ነው። ጥጥ የሚሸመንበት ቦታ ሁሉ ድሩ ሳይወጠር በፊት የሚያጠነክረው ነገር ይጠጣል፤ አለዚያ ክሩ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይከረደዳል፣ ይበጠሳል። ማጉ ነው እንጂ ለስልሶ የሚገባው፣ ድሩ መጠንከር አለበት። በልጅነቴ ሰፈራችን የነበሩት ሸማኔ ድሩን በቀጭን የዱቄት ሙቅ ሲያጠጡና ጠዋት ፀሐይ ላይ ወጥረው ሲያደርቁ አይቻለሁ። ለእሳቸው ዱቄት ይበቃቸው ነበር፤ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ታጥቦ የሚወጣ ነውና። ከነጠላው በፊት ስታርቹ ነበር ማለት ነው።

ቃሉ ከውጭ መጣ ካሉ እሺ። እናቴ ስታርች አትለውም፤ «አሚዶ» ነው የምትለው፤ ይህም ከጣልያን አፍ የቀረ ነው። ጣልያኖቹም ከግሪክ ነው የወሰዱት፤ የግሪኩ ቃል «በወፍጮ ያልተፈጨ» ማለት ነው፤ እህሉን ሳይፈጩ በውሃ ዘፍዝፈው ነጩን ያጣሩ ስለነበር። ወፍጮ ያልነካው መሆኑን ስሙ ራሱ እየነገረን እኛ ከወፍጮ ቤት ዱቄት አምጥተን ሸሚዝ ላይ እንለድፋለን፤ ከዚያም ወቀሳው ለፈረንጅ ይሰጣል።

አሁን ወደ «ጥሩ ጨርቅ በራሱ ጠንካራ ነው» እንምጣ። ጸሐፊው አዲስ የተገዛ አቡጀዲን በምሳሌነት ያነሣሉ። «ከፋብሪካ እንደወጣ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም እዩት፤ ማን ስታርች አደረገው?» ይላሉ። ፋብሪካው ነዋ! የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም እንደ ሸማኔው ነው፤ የድሩ ክር ወደ ሽመናው መኪና ሳይገባ ስታርች ባለበት ገንዳ ውስጥ ያልፋል። ሳይታጠብ ለገበያ የወጣ አቡጀዲ ይህን ይዞ ነው የሚወጣው። አንዳንዱማ ጨርቁ ስስ መሆኑ እንዳይታወቅ ጭራሽ ተጨምሮበት ይሸጣል፤ ገዝተው አንድ ጊዜ ሲያጥቡት ግማሹ ከሳፋው ውሃ ጋር ይፈስሳል፤ የቀረው ወንፊት ነው።

ይህን በወሬ አይመኑኝ። ከመድኃኒት ቤት ለቁስል የሚሸጠውን አዮዲን ይግዙ። ከአዲሱ አቡጀዲ ጫፍ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጠው አንድ ጠብታ ያንጠባጥቡበት። ስታርች ካለበት፣ ቡናማው አዮዲን ዓይንዎ እያየ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ከሌለበት ቡናማ እንደሆነ ይቀራል። እኔ ገበያ ስሄድ ትንሿን ብልቃጥ በቦርሳዬ ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ነጋዴው «ሙሉ ጥጥ፣ ድፍን፣ ወፍራም» ያለኝን ጨርቅ ቅዳጁን ለምኜ ብሞክረው እንደ ቀለም ጠቆረ። ሰውየው መድኃኒት ያደረግኩበት መስሎት ሊጣላኝ ነበር። ያው አዮዲን የጸሐፊውን አራተኛ ክስ ይመልሳል፤ ያደነቁት ጥንካሬ የተቃወሙት ስታርች ነው።

ልብስ ይቆርጣል የተባለውስ? እዚህ ላይ የሚለይ ነገር አለ። ስታርች በራሱ ክር አይበላም፤ የክሩ አካልም አይሆንም፤ በላዩ ላይ የተለበጠ ሽፋን ነው፤ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ሲታጠብ ይለቃል። በዚያ ሽፋን ላይ ያረፈ አቧራ፣ የወጥ ጠብታ፣ የአንገት ወዝ ከክሩ በፊት የሚያገኘው ስታርቹን ነው፤ ሲታጠብም ከስታርቹ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህን ሆቴሉ በሚገባ ያውቀዋል። እናቴ ዘንድ ይመጡ የነበሩት የገበታ ልብሶች በርበሬና ቅቤ የፈሰሰባቸው ነበሩ፤ ስታርች የነበረባቸው በአንድ እጥበት ይለቁ ነበር፤ ስታርቹ የተዘለለበት ጊዜ ግን በረኪና ይፈልጉ ነበር። ጥጥ የሚጨርሰው በረኪናው ነው፤ ስታርች በረኪና የሚያስፈልግበትን ቀን ያዘገያል። ልብስ የሚቆረጠው ስታርቹ ወፍሮ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ሲታጠፍ ነው። እንደ ደረቀ ቅጠል እጥፋቱ ላይ ይሰበራል፤ ክሩንም ይዞት ይሄዳል። መድኃኒቱ አተጣጠፉን መለዋወጥ ነው፤ ዛሬ ለሦስት ካጠፉት በሚቀጥለው ለሁለት ያጥፉት።

ካውያውም የራሱ ጥፋት አለው። ስታርች ከጋለ ብረት ጋር ይጣበቃል፣ ያራል፣ ቡናማ ምልክት ይተዋል፤ ሰው ምልክቱን አይቶ «ስታርቹ አቃጠለው» ይላል። እናቴ የከሰል ካውያዋን ልብስ ላይ ከማሳረፏ በፊት በጨርቅ በተጠቀለለ ሻማ ሆዱን ታብሰዋለች፤ ከዚያም በአሮጌ ጨርቅ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ታመላልሰዋለች። በኤሌክትሪክ ካውያም ይሄው ነው የማደርገው።

ውሃና ከሰል ያባክናል ለሚለው ደግሞ ጸሐፊው ደሴን ረስተዋታል ልል ነበር፤ ግን አልረሱም፤ ጀሪካን ተደርድሮ የሚጠበቅበትን ቀን በደንብ ጽፈውታል። የረሱት እናቶቻችን በዚያች ጀሪካን እንዴት እንደሚኖሩ ነው። ስታርች የሚደረገው የአንድ ሳምንት ልብስ ተጠራቅሞ እንጂ ለአንድ ሸሚዝ አይደለም። በ2 ሊትር ውሃ ወፈር ያለው ይሠራል። መጀመሪያ ኮሌታዎቹና የእጅጌ ጫፎቹ ይነከራሉ፤ ሸሚዙ ሁሉ መግባት የለበትም። ከዚያ በዚያው ሳፋ ላይ 2 ሊትር ይጨመርና የገበታ ልብሱ ይገባል። ከዚያ እንደገና ይቀጠንና የትራስ ልብስና አንሶላ ይከተላል። የመጨረሻው ውሃ ሲደፋ ከልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ብዙም አይለይም። ከሰሉም ቢሆን ቡና ለማፍላት የተያያዘው ነው። አቦል ተጠጥቶ ቶናው ሲጣድ፣ ከጎኑ የስታርቹ ድስት ተራውን ይጠብቅ ነበር። በረካ ሲደርስ ስታርቹም ደርሶ ይሆናል።

የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ከድንች ማውጣት ይችላል፤ የወሎ ደጋ ድንች አያሳጣም። ድንቹ ይላጥና በመፈቅፈቂያ ይፈቀፈቃል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይደረግበታል፣ በነጠላ ቁራጭ ተጨምቆ ይጣራል፤ ውሃው አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ቀላ ያለው ውሃ ቀስ ተደርጎ ሲደፋ ከሳፋው ሥር ነጭ ነገር ተጋግሮ ይገኛል። በጣትዎ ቢጫኑት እንደ ኖራ ድርቅ ይላል፤ ሳፋውን ዘንበል ሲያደርጉት ደግሞ እንደ ማር ይፈስሳል፤ ልጆች ይህን ሲያዩ ምሳቸውን ይረሳሉ። አንዴ ሁለቴ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። የተፈቀፈቀው ድንች ራሱም አይጣልም፤ ለወጥ ይሆናል። ሩዝ የሚቀቅል ቤትማ ከዚህም የቀለለ ነው፤ የተቀቀለበት ወፍራም ውሃ ጨው ካልተደረገበትና ከተጣራ ለትራስ ልብስ የሚሆን ቀጭን ስታርች ነው።

አንድ ቦታ ላይ ጸሐፊው በቁጣ መካከል እውነት ተናግረዋል፤ ነጠላና ጋቢ ስታርች የሚያደርጉ ሰዎችን ወቅሰዋል። ከእሳቸው ጋር ነኝ። የጋቢ ሙቀት በለሰለሱት ክሮች መካከል ከተያዘው አየር የሚመጣ ነው፤ ያንን በሙጫ ደፍኖ ጋቢ ለበስኩ ማለት ሰሌን መልበስ ነው። ነጠላም ውበቱ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ነው። ፎጣና የሕፃን ጨርቅም ያው፤ ውሃ መምጠጥ ያለበት ነገር ስታርች አይነካውም። ሱፍና ሐርም አይሞከርም። ፖሊስተር ደግሞ ቢነክሩትም አይቀበልም፤ ጥጥ ነው ስታርች የሚጠጣው። ለዒድ ጀለቢያ የሚያመጡልኝን ደንበኞቼን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ጥጥ መሆኑን ነው። እዚህ ወሎ አንድ ቤት ውስጥ አባት ለዒድ ጀለቢያውን፣ የወንድሙ ሚስት ለጥምቀት ቀሚሷን ያመጣሉ፤ ጀለቢያው ስታርች ይፈልጋል፣ የሀበሻ ቀሚሱ አይፈልግም። ያን ቀሚስ «አንቺ፣ ትንሽ ጠንከር አድርጊልኝ» ብለው የሚለምኑኝ እትዬዎች አሉ፤ እሺ ብዬ በውሃ ብቻ እተኩስላቸዋለሁ። ልዩነቱን ያወቀ እስካሁን የለም።

የስኳሩን ነገር ሳነብ ሳቄ መጣ፤ በሳቄም ውስጥ ትዝታ አለ። ጸሐፊው እናታቸው የኪሮሽ ቅርጫትና ዳክዬ ሠርተው፣ በስኳር ውሃ አጠንክረው ቡፌ ላይ ያስቀምጡ እንደነበር በፍቅር ይጽፋሉ። እውነት ነው፤ የሁላችንም ቤት ቡፌ ላይ ያች ዳክዬ ነበረች። ስኳር የኪሮሽ ሥራን በደንብ አድርጎ ያቆማል፤ ከስታርች የሚበልጥ ጥንካሬ ይሰጣል። ግን ስኳር ከአየሩ ርጥበት ይስባል። ክረምት ሲገባ ዳክዬዋ መጀመሪያ ትልሞሰሞሳለች፣ ቀጥሎ ትጣበቃለች፣ ቀጥሎ ጉንዳን ከግድግዳው ሥር ተሰልፎ ይመጣል። የእኛ ቤት ዳክዬ ሐምሌ ላይ አንገቷን በቴሌቪዥኑ ላይ አስደግፋ ተገኘች። ስኳር በውድ የሚገዛ ሆኖ ሳለ ለጉንዳን ማብላት ምን ይባላል? ዳንቴል በወፍራም ስታርች ተነክሮ፣ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ በፒን ተወጥሮ ይድረቅ። ዳክዬዋ ከሆነች ደግሞ እስክትደርቅ ድረስ ውስጧን በፌስታል ሞልቶ ማቆም ነው።

የቀረው ተባዩ ነው። ጸሐፊው «ስታርች ያለበት ልብስ ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ተባይ ይበላዋል» ይላሉ። ይህን ነው እቀበላለሁ ያልኩት። ሱፍ የሚበላው ብል ሌላ ነው፤ ስታርች የሚወድ ደግሞ ሌላ አለ፤ ክንፍ የሌላት፣ እንደ ብር የምታብለጨልጭ፣ መብራት ሲበራ ሮጣ የምትደበቅ ትንሽ ነፍሳት፤ ወረቀትና የመጽሐፍ ሙጫ የምትበላውም እሷ ናት። አይጥም ስታርች አትጠላም። ከዚህ ሌላ ስታርቹ ሲቆይ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ልብስ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ስታርቹ ተለቆ፣ በደንብ ደርቆ፣ ሳይተኮስ ነው የሚታጠፈው። ሲወጣ ነው ስታርች የሚደረገው።

እናቴ ይህን ነግራኛለች። እርጅና ተጫጭኗት ሥራውን ስታቆም አንድ የገበታ ልብስ ለራሷ አስቀርታ ነበር፤ ሆቴሉ ሲዘጋ የሰጣት፣ ዙሪያው በነጭ ክር የተጠለፈ። ለአንድ ፋሲካ አንጥፈንበት፣ አጥቤ፣ ስታርች አድርጌ፣ እንደ ወረቀት አጥፌ ሣጥኗ ውስጥ ከተትኩላት፤ ለሚቀጥለው በዓል የተዘጋጀ እንዲሆን ብዬ። የሚቀጥለው በዓል ሦስት ዓመት ቆየ። ሣጥኑን ስንከፍት እጥፋቱ ሁሉ ተበልቶ ስምንት ቦታ ተለያይቶ ነበር። እናቴ አንዱን ቁራጭ አንሥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው፤ ልክ ማማሰያውን እንደምትይዘው። ምንም አላለችኝም። ቁራጮቹን ለስታርች ማጥለያ አደረገቻቸው፤ አንዷ አሁንም እኔ ጋ አለች።